የተጻፈብን ነውን? ከደራሲው ጋር ስለ ተሟገተው ገጸ ባሕርይ

«ተጽፎብኝ ነው» የሚለው አነጋገር በአገራችን ከልቅሶ ቤት እስከ ሸንጎ ድረስ ይሰማል። ወጣቱ በስደት መንገድ ላይ ሲቀር «ተጽፎበት ነው» ይባላል፤ ትዳር ሲፈርስ «እንዲህ እንድንሆን ተጽፎ ይሆናል» ይባላል፤ ጠጥቶ መኪና ሲነዳ ሰው የገደለ እንኳ አንዳንድ ጊዜ ይህንኑ ሲል ይደመጣል። አነጋገሩ የሐዘንተኛን ልብ ለማሳረፍ የሚነገር በመሆኑ በእንባ ሰዓት ተነሥቶ የሚነቅፈው አይገኝም፤ ሊገኝም አይገባም። ነገር ግን ልቅሶው ካለፈ በኋላ ቃሉን ብንመረምረው ከባድ ጥያቄ ያነሣብናል። የተጻፈ ነገር ሁሉ ጸሐፊ አለው። በእኛ ላይ የጻፈው ማን ነው? እግዚአብሔር ነው የምንል ከሆነ፣ እርሱ ደራሲ፣ እኛም በድርሰቱ ውስጥ ከገጽ ወደ ገጽ የምንመራ ገጸ ባሕርያት መሆናችን ነውን? እንዲህስ ከሆነ ስለ ሠራነው በጎም ሆነ ክፉ የሚጠየቀው ማን ነው?

ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ይህን ጥያቄ መግቦተ እግዚአብሔርና ነጻ ፈቃድ በሚል አርእስት ሥር ለብዙ ዘመናት ሲመረምሩት ኖረዋል። በዚህ ጽሑፍ ግን ወደ ጥያቄው የምንገባው በሌላ በር፣ በሥነ ጽሑፍ በኩል ነው። ከድርሰት ዓይነቶች መካከል ድርሰትነቱን የማይሸሽግ፣ ስለ ራሱ የሚናገር፣ አልፎ ተርፎም ደራሲው ከመጋረጃው ጀርባ ወጥቶ ከፈጠራቸው ሰዎች ጋር የሚነጋገርበት አንድ ዓይነት አለ። ይህ ዓይነቱ ድርሰት «ደራሲና ገጸ ባሕርይ» የሚለውን ምሳሌ እስከ መጨረሻው ገፍቶ ያሳየናል፤ ስለዚህም ምሳሌው የት ላይ እንደሚጸና፣ የት ላይም እንደሚሰበር ለማየት ይረዳናል።

ነገሩ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። «ተረት ተረት» ብሎ የሚጀምር ሰው ለልጆቹ የሚነግራቸው ተረት መሆኑን አስቀድሞ ይገልጥላቸዋል፤ ሲጨርስም ተረቱ እንዲመለስለትና አፉ በዳቦ እንዲታበስለት ይጠይቃል። የብራና መጻሕፍታችን ጸሐፊም በመጨረሻው ቅጠል ላይ ብቅ ብሎ ለጻፈው፣ ላጻፈው፣ ላነበበውና ለሰማው ምሕረትን ይለምናል። በመጽሐፍ ቅዱስም ውስጥ የሁለተኛው መጽሐፈ መቃብያን አዘጋጅ (በስም ብቻ ተመሳሳይ የሆነውን የግዕዙን መቃብያን ማለቴ አይደለም) በምዕራፍ 2 ላይ አምስት መጻሕፍትን ወደ አንድ ማሳጠር ላብና እንቅልፍ ማጣት እንዳስከፈለው ይናገራል፤ በመጨረሻው ምዕራፍም ድርሰቱ ሳያምር ቀርቶ እንደ ሆነ ዐቅሙ ይህን ያህል ብቻ መሆኑን ገልጦ ይሰናበታል። በመንፈስ ቅዱስ ምሪት የተጻፈ መጽሐፍ እንዲህ ብሎ መዘጋቱ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፤ ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለስበታለን።

ከሁሉ ይልቅ ለጥያቄያችን የሚስማማው ግን የስፔኑ ደራሲ ሚጌል ደ ኡናሙኖ በ1914 ያሳተመው «ኒየብላ» የተባለው ልብ ወለድ ነው፤ ትርጓሜው «ጉም» ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኡናሙኖ በ1864 በቢልባኦ ተወልዶ በ1936 በሳላማንካ የሞተ፣ በሳላማንካ ዩኒቨርሲቲ የግሪክ ቋንቋ መምህርና ለብዙ ዓመታት የዩኒቨርሲቲው ሬክተር የነበረ ሰው ነው። በካቶሊክ ቤት አድጎ በወጣትነቱ እምነቱ ታወከበት፤ ከዚያ ወዲህ ዕድሜውን ሙሉ የሞትንና የዘለዓለም ሕይወትን ጉዳይ ሲያብሰለስል ኖረ። ከሌሎች ሥራዎቹ ሁለቱ በ1957 በተከለከሉ መጻሕፍት መዝገብ ገብተው ነበር፤ መዝገቡ ራሱ በ1966 ተሽሯል። ይህን የምጠቅሰው አንባቢው ሰውየውን እንደ ቤተ ክርስቲያን መምህር እንዳይቀበለው ነው። ይሁን እንጂ ጥያቄውን እንደ እርሱ አጥብቀው የጠየቁ ብዙዎች አይደሉም።

የታሪኩ ዋና ሰው አውጉስቶ ፔሬዝ ይባላል። ሀብት ያለው፣ ሥራ የሌለው፣ እናቱ ከሞተችበት ወዲህ ከአገልጋዮቹ ጋር ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። ከቤቱ ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ እንኳ አያውቅም። አንድ ቀን በበሩ ላይ ቆሞ የሚያልፈውን ውሻ ተከትዬ እሄዳለሁ ብሎ ሲያስብ በውሻው ፈንታ አንዲት ሴት አለፈች፤ እርስዋን ተከተለ። ኤውሄንያ ትባላለች፤ ፒያኖ በማስተማር የምትተዳደር፣ ሙዚቃን ግን የምትጠላ ሴት ናት። ማውሪስዮ የሚባል ሥራ ፈት ወዳጅም ነበራት። አውጉስቶ ወደዳት፤ በቤቷ ላይ የነበረውን ዕዳ ከፈለላት፤ ኋላም እርሱን ለማግባት ቃል ስለ ገባችለት በልመናዋ ለማውሪስዮ ሥራ አስገኘለት። ሠርጉ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ኤውሄንያ ከማውሪስዮ ጋር ተያይዛ ጠፋች። አውጉስቶም ራሱን ሊገድል ቈረጠ።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ከብዙ የፍቅር ታሪኮች አይለይም። በምዕራፍ 31 ላይ ግን ያልታሰበ ነገር ይሆናል። አውጉስቶ ኡናሙኖ የሚባል ጸሐፊ ራስን ስለ መግደል የጻፈውን አንብቦ ስለ ነበር እርሱን ለማማከር ወደ ሳላማንካ ይሄዳል። ደራሲው በመጻሕፍቱ መካከል ተቀምጦ ይቀበለዋል፤ የሕይወቱንም ምሥጢር ሁሉ አንድ በአንድ ይነግረዋል። ከዚያም ራሱን ሊገድል እንደማይችል ያስታውቀዋል፤ ምክንያቱም ከደራሲው ሐሳብ የተወለደ ጥላ እንጂ በሕይወት ያለ ሰው አይደለም። አውጉስቶ በመጀመሪያ ይደነግጣል፤ ወዲያው ግን መከራከር ይጀምራል። ምናልባት በእውነት የሌለው ደራሲው ራሱ ቢሆንስ? የእርሱ ታሪክ ወደ ዓለም እንዲወጣ መተላለፊያ ከመሆን በቀር ሌላ ዋጋ ባይኖረውስ? ኡናሙኖ ራሱስ ዶን ኪሆቴ ከደራሲው ከሴርቫንቴስ ይልቅ እውነተኛ ነው ሲል አልኖረምን? ኡናሙኖ በዚህ ይቈጣል፤ እኔው እገድልሃለሁ ይለዋል። በዚህ ጊዜ ሞትን ሽቶ የመጣው ሰው በሕይወት ለመኖር ይለምናል። ደራሲው ግን ፍርዱን እንደ ጻፈው፣ የጻፈውም እንደማይመለስ፣ ከእንግዲህ በእርሱ ምን እንደሚሠራ እንደማያውቅ ይነግረዋል። አውጉስቶ ሲሰናበት አንተም ትሞታለህ፣ ታሪኬን የሚያነቡትም ሁሉ ይሞታሉ ብሎ ይሄዳል። ወደ ቤቱ ተመልሶ ከልክ በላይ ይበላል፤ በዚያው ሌሊት ይሞታል።

የተጻፈው አይመለስም የሚለው የዚህ ደራሲ መልስ በልቅሶ ቤት ከምንለው ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ በእኛ አነጋገር ውስጥ ጸሐፊው አለመታየቱ ነው፤ በ«ኒየብላ» ውስጥ ግን ፊት ለፊት ተቀምጦ ይታያል። ሲታይም አያምርም። የገዛ ፍጡሩ በክርክር ሲያስጨንቀው የሚቈጣ፣ ምን እንደሚያደርገው ሲያጣም የሚገድል ሰው ነው። ኡናሙኖ ራሱን እንዲህ አድርጎ የሣለው ሳያስተውል አይመስለኝም። ብዙ ሰው በአፉ «አባታችን ሆይ» እያለ በልቡ የሚፈራው አምላክ ይህን ይመስላልና። «ዕድሌን ጻፈ» የምንለውን ጸሐፊ በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ብናየው ልንሰግድለት ወይስ ልንሸሸው እንደምንወድ ራሳችንን እንጠይቅ።

ምሳሌው የሚሰበረውም እዚህ ላይ ነው። የልብ ወለድ ደራሲና ገጸ ባሕርዩ አንድ ገመድ ከሁለት ጫፍ ይዘው እንደሚጓተቱ ናቸው፤ ደራሲው በወሰነ መጠን ገጸ ባሕርዩ ያጣል፣ ገጸ ባሕርዩ «በገዛ ፈቃዱ» ሠራ ሲባልም ያሠራው ደራሲው ነው። በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ግን እንዲህ ያለ ጕተታ የለም። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ «ሱማ ቴኦሎጂካ» በተባለው ሥራው አንደኛ ክፍል ጥያቄ 83 ላይ እግዚአብሔር ፍጥረትን እንደየባሕርዩ እንደሚያንቀሳቅስ ያስተምራል። ፈቃድ ያለውን ፍጡር ሲያንቀሳቅስ ፈቃዱን አይነጥቀውም፤ ሥራው የገዛ ፈቃዱ ሥራ እንዲሆን የሚያደርገው ራሱ እግዚአብሔር ነው። በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቍጥር 306 እግዚአብሔር ለፍጥረታቱ መኖርን ብቻ ሳይሆን በራሳቸው የመሥራትን ክብር እንደ ሰጣቸው ይናገራል።

ይህ ረቂቅ መስሎ የሚታየው ምእመን ቢኖር በእጁ የያዘውን መጽሐፍ ቅዱስ ይመልከት። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ባወጣው «ዴይ ቬርቡም» በተባለው ሰነድ ቍጥር 11 ላይ ሁለት ነገር አንድ ላይ ይናገራል፦ የቅዱሳት መጻሕፍት ደራሲ እግዚአብሔር ነው፤ የጻፏቸውም ሰዎች በገዛ ችሎታቸው የሠሩ እውነተኛ ደራስያን ናቸው። አንዱ ለሌላው ቦታ ለመልቀቅ አልተገደደም። ያ በመቃብያን ውስጥ ያገኘነው፣ ላቡን አፍስሶ ያሳጠረው ሰው በሌላ እጅ የተያዘ ብርዕ አልነበረም። መርጧል፤ ቈርጦ ጥሏል፤ አጻጻፌ ያምር ይሆን እያለ ተጨንቋል። የሰው ጭንቀትና ድካም ሳይወጣለት የእግዚአብሔር ቃል ሆነ። እንግዲህ እግዚአብሔር የሕይወታችን ደራሲ ነው ማለት ካስፈለገ፣ እንደ ሳላማንካው ሰው ሳይሆን በዚህ ዓይነት ነው ልንል ይገባናል። ይህም ቢሆን ለኀጢአት አይሠራም፤ ትምህርተ ክርስቶስ በቍጥር 311 እንደሚያስገነዝበን እግዚአብሔር በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የክፉ ሥራ ምክንያት አይደለም። ያንን ገጽ ብቻችንን ጽፈነዋል።

ከኡናሙኖ እጅግ አስቀድሞ ከደራሲው ጋር ሊሟገት የተነሣ ሌላ ሰው እናውቃለን፤ ኢዮብ ነው። መጽሐፈ ኢዮብን ስናነብ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ነገር አለ። በምዕራፍ 19 ቍጥር 23 ላይ ኢዮብ ቃሉ በመጽሐፍ እንዲጻፍለት፣ በዓለትም ላይ እንዲቀረጽለት ይመኛል። ይህን ምኞቱን የምናነበው በተጻፈለት መጽሐፍ ውስጥ ነው። በዐመድ ላይ የተቀመጠው ሰው ጩኸቱ ነፋስ እንደሚወስደው ያስባል፤ እኛ ግን ጩኸቱ እንዳልጠፋ መጽሐፉን በእጃችን ይዘን እናውቃለን። በምዕራፍ 31 ደግሞ ባላጋራው ክሱን ጽፎ ቢሰጠው በትከሻው እንደሚሸከመው፣ እንደ አክሊልም እንደሚያስረው ይናገራል። የሚከራከረው ሊሸሽ ሳይሆን ሊገናኝ ነው።

ደራሲውም መጣ። በዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሆኖ የተናገረው ቃል የዋህ አይደለም፤ ኢዮብም እጁን በአፉ ላይ ጫነ። ነገር ግን እንደ አውጉስቶ አልተገደለም። ስለ መከራከሩም አልተቀጣም። በምዕራፍ 42 ቍጥር 7 የእግዚአብሔር ቍጣ የወረደው በተከራካሪው ላይ ሳይሆን ለእግዚአብሔር ጠበቃ ሆነው በቆሙት ወዳጆቹ ላይ ነው፤ እነርሱ ስለ እግዚአብሔር ቅን ነገር አልተናገሩም፣ ኢዮብ ግን ተናግሯል ተባለ። ይህ ቍጥር ለእኛ ለካህናትና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የሚያስፈራ ቍጥር ነው። በሐዘን ቤት ስለ እግዚአብሔር ቸኵለን መልስ የምንሰጠው እኛ ነንና።

ስለ ራሱ የተጻፈውን አንብቦ መንገዱን የለወጠ ገጸ ባሕርይም አለ። ሴርቫንቴስ «ዶን ኪሆቴ»ን በ1605 ሲያሳትም ባላባቱ ወደ ሳራጎሳ ከተማ እንደ ሄደ በመጨረሻው ላይ ጠቈም አድርጎ ነበር። በ1614 አቬያኔዳ በሚል ስም የተሸሸገ ሌላ ጸሐፊ ሐሰተኛ ሁለተኛ ክፍል አሳትሞ ባላባቱን በእርግጥ ሳራጎሳ አስገባው። ሴርቫንቴስ በ1615 ባወጣው እውነተኛ ሁለተኛ ክፍል ምዕራፍ 59 ላይ ዶን ኪሆቴ በእንግዳ ማረፊያ ሳለ በአጠገቡ ክፍል ያሉ ሰዎች ያንን ሐሰተኛ መጽሐፍ አንሥተው ሲነጋገሩ ይሰማል። በመጽሐፉ ውስጥ ሳራጎሳ መግባቱን ሲረዳ፣ እንግዲያው እግሬ ሳራጎሳን አይረግጥም ብሎ ወደ ባርሴሎና ያቀናል። በምዕራፍ 72 ደግሞ ከሐሰተኛው መጽሐፍ የመጣ አንድ ገጸ ባሕርይ አግኝቶ «ያ ሰው ይህ አይደለም» የሚል ቃል በሹም ፊት አስጽፎ ያስፈርመዋል። ሴርቫንቴስ ይህን የጻፈው ሊያስቀን ነው፤ ሲነበብም ያስቃል። እኔ ግን ሳነበው ሁልጊዜ የማስበው፣ በልጅነታቸው «ይህ ልጅ ሰው አይሆንም» ተብሎ የተጻፈባቸውን፣ ያንንም ጽሑፍ አምነው ወደ ሳራጎሳቸው የገቡትን ወጣቶች ነው።

በሳቅ የተጻፈው ነገር በነቢዩ ዮናስ መጽሐፍ በእንባ ይገኛል። ለነነዌ ሰዎች የተነገረው ቃል ግልጥ ነበር፤ በአርባ ቀን ውስጥ ከተማቸው ትገለበጣለች። «ብትመለሱ ይቀርላችኋል» የሚል ቃል እንኳ በስብከቱ ውስጥ አልተመዘገበም። ቢሆንም ከተማዪቱ «ተጽፎብናል» ብላ እጅዋን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ ማቅ ለበሰ። የተነገረውም አልሆነም። የአገራችን ክርስቲያኖች በየዓመቱ ሦስት ቀን ጾመ ነነዌን ስንጾም የምናከብረው ይህንን ነው፤ «ተጽፎብኝ ነው» የሚለውም ብዙ ጊዜ ይህንኑ ጾም የሚጾም ሰው ነው። ንጉሡ ሕዝቅያስም በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 38 እንደምናነበው ትሞታለህ ተብሎ ተነግሮት ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ፤ 15 ዓመትም ተጨመረለት።

ከካቴኪስቶች መካከል መዝሙረ ዳዊትን የሚጠቅስብኝ አይጠፋም። በግዕዙ ዳዊት 138ኛው፣ በዕብራይስጡ አቆጣጠር 139ኛው መዝሙር ገና ሳንፈጠር ዘመናችን በእግዚአብሔር መጽሐፍ እንደ ተጻፈ ይናገራልና። እውነት ነው። ነገር ግን ይህ መዝሙር የፍርድ ቤት ቋንቋ አይናገርም፤ በእናት ማሕፀን ስለ ሠራን፣ ሸሽተን ስለማናመልጠው ፍቅር የሚናገር ነው። ሙሴም በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 32 ሕዝቡ ይቅር ካልተባለ ከጻፍኸው መጽሐፍ ደምስሰኝ ብሎ ሲሟገት መጽሐፉ የተዘጋ መዝገብ አለመሆኑን ያውቅ ነበር። እግዚአብሔር ሁሉን አስቀድሞ ማወቁስ አያስገድደንምን ለሚል፣ በ524 አካባቢ በእስር ቤት ሆኖ የጻፈው ቦኤትዮስ መልስ ሰጥቶበታል፤ ሰው በመንገድ ሲሄድ ማየቴ እንዲሄድ አያስገድደውም። ለእግዚአብሔር ጊዜ ሁሉ እንደ ዛሬ ነው፤ ያያል እንጂ አይገፋም።

አሁን ወደ ስደተኛው ወጣት እንመለስ። በየቁምስናው በቀይ ባሕር ወይም በበረሃ መንገድ የቀረ ልጅ ያላት እናት አትጠፋም። «ተጽፎበት ነው» ስትል አንከራከራትም። ነገር ግን ይህ ቃል በመንደሩ ሁሉ ሲደጋገም ምን እንደሚሠራ አስተውሉ። ልጁን ከቤቱ ያስወጣው ደላላ አለ፤ ገንዘቡን ቈጥሮ ተቀብሏል፣ በሚቀጥለው ወር ሌላ ልጅ ይመጣለታል። ከዐቅም በላይ ሰው ጭኖ ጀልባውን ወደ ባሕር የገፋ አለ። «የጎረቤት ልጅ ቤት ሠራ፣ አንተስ?» እያለ ሲጎተጕተው የከረመ ዘመድም አለ። እነዚህ ሁሉ በዚያ ታሪክ ውስጥ የየራሳቸውን መስመር ጽፈዋል፤ ስማቸውም ሊጠራ፣ የሚከሰሰው ሊከሰስ፣ የሚናዘዘው ሊናዘዝ ይገባል። «ተጽፎበት ነው» ስንል የሁሉንም እጅ አጥበን ብርዑን ለእግዚአብሔር እናስይዘዋለን። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 15 በደሌን ያመጣብኝ እግዚአብሔር ነው የሚለውን ሰው የሚገሥጸው ስለዚህ ነው፤ እሳትና ውኃ በፊቱ ቀርቦለታል፣ እጁን ወደ ወደደው ይዘረጋል። ለደላላው የሚጠቅም ሃይማኖታዊ አነጋገር ከየትም ይምጣ ከወንጌል አልመጣም።

ከ«ኒየብላ» አንድ ሌላ ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። አውጉስቶ ወደ ሳላማንካ የሄደው ሊሞት ፈልጎ ነው፤ የተቀበለው ሰው ደግሞ አለመኖሩን በክርክር አስረዳው። ሞት በእርግጥ ሲቀርብለት ግን መኖር እንደሚፈልግ ታወቀ። መሞት እፈልጋለሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው የሚሰማው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ወጣት ወደ እናንተ ቢመጣ የክርክር ሰዓት አለመሆኑን ዕወቁ፤ አጠገቡ ተቀመጡ፣ ብቻውን አትተዉት፣ ወደ ቤተ ሰቡና ወደ ሐኪም አድርሱት። ራሱን የገደለ ሰው ቤተ ሰብም አለ። የ1917 ቀኖና አስቦ ራሱን ለገደለ ሰው ቤተ ክርስቲያናዊ ቀብርን ይከለክል ነበር፤ በ1983 የወጣው ቀኖና ይህን ክልከላ አልደገመም። ትምህርተ ክርስቶስ ራስን መግደል ከባድ በደል መሆኑን ሳይሸሽግ፣ በቍጥር 2282 ከባድ የአእምሮ ሁከትና ጭንቀት የሰውየውን ተጠያቂነት ሊቀንሱ እንደሚችሉ፣ በ2283ም ስለ እነዚህ ሰዎች መዳን ተስፋ መቍረጥ እንደማይገባን ያስተምራል። «ተጽፎበት ነው» ማለትም፣ «ገሃነም ገብቷል» ማለትም፣ ሁለቱም ያልተሰጠንን መጽሐፍ ማንበብ ነው።

ኡናሙኖ አውጉስቶን ከገደለው በኋላ ተጸጽቶ ሊያስነሣው እንዳሰበ ይተርካል። በሕልሙም አውጉስቶ ተገልጦ ይህ ከቶ እንደማይቻል ይነግረዋል፤ ደራሲ የፈጠረውን ሊገድል ይችላል፣ የገደለውን ግን ሊያስነሣ አይችልም። ኡናሙኖ ከዚህ በላይ መሄድ አልቻለም፤ ሐቀኛ ስለ ነበረ የማያምነውን አልጻፈም። ወደ ድርሰቱ ገብቷል፤ ግን የገባው እስከ ገዛ ጽሕፈት ክፍሉ ድረስ ነው። ገጸ ባሕርዩ ነው ወደ እርሱ የተጓዘው፤ ሞቱም በገጸ ባሕርዩ ላይ እንጂ በእርሱ ላይ አልደረሰም። በጰንጤናዊው ጲላጦስ ዘመን ተሰቀለ፣ ሞተ፣ ተቀበረ እያልን በየእሑዱ የምንደግመው ቃል ግን ወደ ታሪኩ ገብቶ በታሪኩ ውስጥ ስለ ሞተ ፈጣሪ የሚናገር ነው። ጲላጦስ የሚባለው የአንድ አገረ ገዢ ስም በጸሎተ ሃይማኖት ውስጥ መገኘቱ ለአንዳንዶች ግራ ነው፤ እኔ ግን ያለ እርሱ ጸሎቱን መድገም አልፈልግም።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ሁሉ ለልጆች ማስተማር ከባድ ነው፤ ኡናሙኖንም እንድታስተምሩ አልጠይቅም። ትንቢተ ዮናስ ግን አራት አጫጭር ምዕራፎች ብቻ ነው፤ በአንድ ሰዓት ይነበባል። መጽሐፉ የሚያልቀው እግዚአብሔር ለተቈጣው ነቢይ ባቀረበው ጥያቄ ነው፤ ስለዚያች ታላቅ ከተማ፣ ቀኝና ግራቸውን ስለማይለዩት ሰዎችና ስለ ብዙ እንስሶቿ አዝን ዘንድ አይገባኝምን የሚል ጥያቄ ነው። ከዚያ በኋላ የተጻፈ የለም። ዮናስ ምን እንደ መለሰ ልጆቹን ጠይቁአቸው፤ መልሱንም እያንዳንዳቸው በገዛ እጃቸው በደብተራቸው ይጻፉ። አንዳንዱ ዮናስ ተቈጥቶ ሄደ ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው ወደ ከተማዪቱ ተመልሶ ገባ ይላል። አታርሙአቸው።